የአያትዎን ውጅግራ አዲስ አያስመስሉት፤ ዝገቱን ያስቁሙት

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ከአያቴ የወረስኩት ውጅግራ የሚባል አሮጌ የፈረንሳይ ጠመንጃ አለኝ። ፈቃዱ በስሜ ዞሯል። ለብዙ ዓመት ቆጥ ላይ ስለቆየ ብረቱ ዝጓል፣ ሰደፉ ተሰንጥቋል፣ መቀባበያው አልከፈት ብሏል። በእጄ መሥራት እወዳለሁ፤ ጠመንጃ ግን ነክቼ አላውቅም። ያሰብኩት ዝገቱን በግራይንደር ብሩሽ አንስቼ፣ ብረቱን ኮምጣጤ ውስጥ ነክሬ መልሼ ማጥቆር ነው። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቫርኒሽ እቀባዋለሁ። ከዚያ ቢያንስ አንዴ ልተኩስበት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?»

ከግራይንደሩ አይጀምሩ። ኮምጣጤውንም ይተዉት። መተኮሱን ደግሞ ከዕቅድዎ ጨርሶ ያውጡት። ምክንያቱን በዝርዝር እጽፋለሁ። እጁ ሥራ የለመደ ሰው «አይሆንም» ብቻ ሲባል አንድ ቀን መሣሪያውን ማንሳቱ አይቀርም።

ጥያቄዎ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ተቀላቅለዋል። አንዱ ዝገቱን ማስቆምና ያለውን ማቆየት ነው። ሌላው ጠመንጃውን አዲስ ማስመሰል ነው። የመጨረሻው እንዲተኩስ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ለጀማሪ ይቻላል፤ የሚፈልገው ትዕግሥት ነው። ሁለተኛው የዓመታት ሙያ ይጠይቃል፤ በጀማሪ እጅ ሲሞከር አብዛኛውን ጊዜ ጠመንጃውን ያበላሸዋል። ሦስተኛው ሰው ይጎዳል።

ከሁሉም በፊት ግን መቀባበያው አልከፈት ያለ ጠመንጃ ጥይት ጎርሷል ብለው ይነሱ። «ስንት ዘመን የተቀመጠ ነው» አይበሉ። የድሮ ጠመንጃዎች የሚጠቀሙበት ጥቁር ባሩድ በዕድሜ ብዛት አይሞትም። እርጥበት ካልነካው ከመቶ ዓመት በኋላም እሳት ሲያገኝ ይነዳል። በአፈሙዛቸው የሚጎርሱ የጥንት ጠመንጃዎች ባሩድና እርሳሳቸውን እንደያዙ መገኘታቸው የተለመደ ነው። ዘይት አፍስሼበታለሁ ማለትም ዋስትና አይሆንም።

ማጣሪያው ቀላል ነው። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ያዙሩ። ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ በኩል ቀስ አድርገው ይስደዱ። ከጎን ይቁሙ፤ ፊትዎን ከአፈሙዙ ፊት ያርቁ፣ መዳፍዎን ከዘንጉ ጫፍ ላይ አያሳርፉ። ዘንጉ ሲቆም አፈሙዙ ጋ ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ ያውጡትና በውጭ በኩል ከጠመንጃው ቱቦ ጎን ያስተኙት። ጫፉ እስከ መቀባበያው ፊት ከደረሰ ውስጡ ባዶ ነው። የውጅግራ ጥይት ከነቀለሁ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። ዘንጉ ያን ያህል ቀድሞ ከቆመ ውስጥ ጥይት ሊኖር ይችላል። የተርብ ጎጆ ወይም የተጣበቀ ጨርቅም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን አይቆርቁሩት፣ አያሙቁት፣ አይምቱት። እንዳለ ይተዉትና የጦር መሣሪያ ባለሙያ ይጥሩ። ይህን ሳያጣሩ ቀጥሎ የምጽፈውን አንዱንም አይሞክሩ።

ስለ ሕጉም አንድ ነገር ልበል። «ጥንታዊ ስለሆነ ሕግ አይመለከተውም» የሚል ነገር አንብበው ይሆናል። ይህ ከአገር አገር ይለያያል። ለምሳሌ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ጥንታዊ የሚባለው እስከ እ.ኤ.አ. 1898 ድረስ የተሠራው ነው፤ ሌላ ቦታ መስፈርቱ ሌላ ነው። ፈቃድ መያዝዎ ጠመንጃውን መለወጥ ወይም መጠገን ይችላሉ ማለት ላይሆን ይችላል። ከመንካትዎ በፊት ፈቃዱን የሰጠዎትን አካል ይጠይቁ። የተቀረጸውን ቁጥር ደግሞ በምንም ሁኔታ አይፋቁ፤ በብዙ አገር በራሱ ወንጀል ነው።

አሁን ወደ ዝገቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አሮጌ ብረት ላይ የሚያዩት ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ዝገት አይደለም። ቀዩ፣ የሚፈረፈረው፣ ጣት ላይ የሚቀረው ዝገት ሥራ ላይ ነው። እርጥበት ስቦ እየያዘ ብረቱን መብላቱን ይቀጥላል። ጥቁሩ ወይም ጥቁር ቡናማው፣ ጠበቅ ብሎ የተለጠፈው ደግሞ የረጋ ነው። ቀዩን ማንሳት አለብን። ጥቁሩን መተው አለብን። ፋብሪካው ብረቱን ያጠቆረበት ሽፋንም እንዲሁ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ በቁጥጥር ሥር የተፈጠረ ዝገት ማለት ነው። ኮምጣጤ ይህን ከዚያ አይለይም። ዝገቱን ሲያሟሟ የቀረውን ጥቁር ሽፋንም አብሮ ያሟሟል። ጠመንጃው ከኮምጣጤው ሲወጣ ግራጫና ሸካራ ሆኖ ይወጣል። ያ ራቁት ብረት በደንብ ካልታጠበና ካልደረቀ በሰዓታት ውስጥ እንደገና ይቀላል። በየሱቁ «ዝገት ማስለቀቂያ» ተብለው የሚሸጡ አሲድ ያለባቸው ፈሳሾችም ሥራቸው ይኸው ነው።

የግራይንደሩ ብሩሽ ጉዳቱ ሌላ ነው። ስለታም መሆን ያለበትን ጠርዝ ያደበዝዛል። የተቀረጹ ፊደሎችና ቁጥሮች ላይ ሲያልፍ ያሳሳቸዋል። በውጅግራ ላይ በመቀባበያው ቤት ግራ ጎን የፋብሪካው ስምና የ1874 ሞዴል መሆኑ ተጽፎ ይገኛል። የጠመንጃውን ማንነት የሚናገረው ያ ጽሑፍ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ መመለሻ የለውም። ዝገቱ ያበጃቸው ትናንሽ ጉድጓዶችም በብሩሽ አይጠፉም። ጉድጓድ ማለት የተበላ ብረት ነው። እሱን «ለማጥፋት» ያለው መንገድ ዙሪያውን ያለውን ጤነኛ ብረት እስከ ጉድጓዱ ወለል ድረስ ማውረድ ብቻ ነው። ይህን ማንም ሰው፣ ባለሙያም ቢሆን፣ በታሪካዊ ጠመንጃ ላይ እንዲያደርግ አልመክርም።

ትክክለኛው መንገድ አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል። ቀጭን የማሽን ዘይት ዝገቱ ላይ ይቀቡና ቢያንስ አንድ ቀን ይተዉት። ከዚያ ቁጥሩ 0000 የሆነውን ስስ የብረት ሱፍ ዘይት አስነክተው በቀስታ ይሹት። ከዚያ የሻከረ ቁጥር አይጠቀሙ። በመጀመሪያ ግን ከውጭ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ እንጨቱ በሚሸፍነው በኩል ይሞክሩት። ወፈር ያለውን የዝገት ቅርፊት ለማንሳት ከነሐስ ወይም ከመዳብ የተቆረጠ ቁራጭ ይጠቀሙ። ነሐስ ከብረቱ ስለሚለሰልስ ቅርፊቱን ያነሳል እንጂ ብረቱን አይጭርም። በጨርቅ ሲጠርጉት ጨርቁ ቀይ ጭቃ ይዞ ይወጣል። ይጥረጉ፣ እንደገና ዘይት ይቀቡ፣ እንደገና ይተዉት። በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ጨርቁ ቀይ መያዝ ሲያቆም እርስዎም ያቁሙ። ብረቱ የሚያብረቀርቅ አይሆንም። ጥቁርና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ ለስላሳና የረጋ ይሆናል። የመቶ ዓመት ብረት መልኩ እንዲህ ነው፤ በጣም ያምራል።

ጨርሶ ለዛገ ክፍል አንድ አማራጭ አለ። ከእንጨቱ የተላቀቀውን ክፍል ከዘይት አጽድቶ በተጣራ ውኃ ውስጥ መቀቀል ነው። ሙቀቱ ቀዩን ዝገት ወደ ጥቁሩ ዓይነት ይለውጠዋል፤ ከላይ የሚቀረውን ጥቁር ዱቄት በስሱ ሱፍ ያነሱታል። ብረት አይበላም፤ ለዚህም ነው የምወደው። ግን ጠመንጃውን ሙሉ በሙሉ መፍታት ይጠይቃል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዎ አይሁን። ብረቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ በኤሌክትሪክ ዝገት ማስለቀቅ የሚባለውን ደግሞ ይለፉት። ጥቁሩን ሽፋን እንደ አሲዱ ያነሳል፤ ጠንካራ ሞላዎችን ተሰባሪ ሊያደርጋቸው ይችላል። አንዳንዶች እንደሚያደርጉት ኤሌክትሪኩን ወደ ውኃው ለማስገባት የማይዝግ ብረት ከተጠቀሙ ደግሞ መርዛማ የክሮም ውህድ ውኃው ውስጥ ይፈጠራል።

መልሶ ማጥቆሩስ? ፋብሪካዎች ዛሬ የሚጠቀሙበት ዘዴ 140 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ የፈላ ኮስቲክ ሶዳ ነው። ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። በጠርሙስ የሚሸጠው ቀዝቃዛ ማጥቆሪያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መርዛማ የሴሌኒየም ውህድ አለበት፤ ያለ ጓንት አይነካም። ቀለሙ ዥንጉርጉር ይወጣል፣ ቶሎም ይለቃል። በዚያ ላይ የዚያ ዘመን የወታደር ጠመንጃዎች አንዳንድ ክፍላቸው ከፋብሪካ ሲወጣም ያልጠቆረ ነጭ ብረት ነበር። ሁሉንም አንድ ዓይነት ቢያጠቁሩት በታሪክ ያልነበረ ጠመንጃ ይፈጥራሉ። ሰብሳቢዎች ይህን በአንድ እይታ ያውቁታል፤ ዋጋውም ያኔውኑ ይወርዳል።

መቀባበያው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ቢገትርም በመዶሻ አይምቱት። ሰርጎ የሚገባ ዘይት በየመጋጠሚያው ያንጠባጥቡና ቀናት ይስጡት። በየቀኑ በእጅ ኃይል ብቻ ይሞክሩት። አብዛኛውን ጊዜ ጠላቱ ዝገት ሳይሆን እንደ ሙጫ የደረቀ የድሮ ግራሶ ነው፤ እሱን ላምባ ያሟሟዋል። በላምባ ሲሠሩ መስኮት ይክፈቱ፣ እሳት ያርቁ። በችቦ ወይም በጋዝ እሳት ማሞቅ ፈጽሞ አይሞከርም። ያ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካው ሙቀት አሰጣጥ ነው፤ እንደገና ሲግል ጥንካሬውን ያጣል፣ ሞላውም ይለሰልሳል።

ለብሎኖቹ ደግሞ ተራ ካቻቢቴ አይሆንም። የተራው ካቻቢቴ ምላስ ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ ነው። የድሮ ብሎን ስንጥቅ ግን ጠባብና ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። ሲያዞሩት ካቻቢቴው ይሾልክና ስንጥቁን ይበላዋል። ምላሱ ከስንጥቁ ጋር ልክ የሚገጥም ካቻቢቴ ይግዙ፣ ወይም በሞረድ እየሞረዱ ልኩን ያስይዙት። የተበላ ብሎን በአሮጌ ጠመንጃ ላይ ዓይን ውስጥ የሚገባ ነውር ነው። እያንዳንዱን ክፍል ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ የፈቱትንም ጽፈውበት በየከረጢቱ ያስቀምጡ። የመቺ መርፌውን ሞላ ግን ጨርሶ አይፍቱት። ተጨምቆ የተቀመጠ ጠንካራ ሞላ ነው፤ ዓይን ያጠፋል።

ወደ እንጨቱ ስንመጣ ብርጭቆ ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ ያስቀምጡ። ሰደፉ ዋልነት የሚባል እንጨት ነው። ጎኑ ላይ የፋብሪካው መርማሪዎች ክብ ማኅተም፣ ቁጥርና ፊደል ሊኖር ይችላል። ዛሬ ደብዝዞ የማይታይዎት ማኅተም ሲጸዳ ብቅ ሊል ይችላል፤ በብርጭቆ ወረቀት ግን አንዴ ሄደ ማለት ነው። በተጨማሪ እንጨቱ ሲፋቅ ከብረቱ በታች ይወርዳል። መጀመሪያ እንጨትና ብረቱ እኩል የነበሩበት ቦታ ላይ ብረቱ እንደ ገደል ይቀራል።

የሚያስፈልገው ማጽዳት ነው። ጨርቅ በጥቂት ላምባ ወይም ኋይት ስፒሪት በሚባለው የቀለም ማቅጠኛ አርጥበው ጥቁሩን እድፍ ያንሱ፤ በውኃ አይዘፍዝፉት። በጉዳት የተረገጡ ጎድጎድ ያሉ ቦታዎችን እርጥብ ጨርቅ አልብሰው በካውያ ጫፍ ለአፍታ ቢያሞቋቸው እንፋሎቱ የተጨመቀውን የእንጨት ክር ያሳብጠዋል፤ ብዙዎቹ ይነሳሉ። ማኅተም ያለበት ቦታ ላይ ግን ይህን አያድርጉ፤ ማኅተሙም የተረገጠ እንጨት ስለሆነ አብሮ ይነሳል። ጎድጎድ ያለውን ቦታ ሁሉ ማቃናት አያስፈልግም። አያትዎ የተሸከሙት ጠመንጃ ጭረት ይኖረዋል፤ ያ ጭረት የእሳቸው ነው።

ስንጥቁ ሌላ ጉዳይ ነው። ከቀጭኑ አንገት ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ መንስኤው የድሮ ዘይት ነው። ጠመንጃ አፈሙዙ ወደ ላይ ሆኖ ለዓመታት ሲቀመጥ የብረቱ ዘይት ወደ ታች እየወረደ እንጨቱ ውስጥ ይጠራቀማል። እንጨቱ ጠቁሮ ይለሰልሳል፤ ኮላም አይዘውም። ስለዚህ ከማጣበቅዎ በፊት ዘይቱ መውጣት አለበት። ነጭ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በአሴቶን ለውሰው ስንጥቁ ላይ ይለጥፉት። አሴቶኑ ሲተን ዱቄቱ ዘይቱን ይስባል። ዱቄቱ ቡናማ መሆኑን እስኪያቆም ድረስ እየደጋገሙ ይቀይሩት። አሴቶን እሳት ይወዳል፤ ይህን ውጭ ይሥሩት። ከዚያ ጠንካራ ኮላ ወደ ስንጥቁ አስገብተው ጨርቅ ጠቅልለው ይጨምቁት። ውጭ የወጣውን ሳይደርቅ ይጥረጉ። ስንጥቁ ሰደፉን ለሁለት ሊከፍል የደረሰ ከሆነ ግን ለእንጨት ባለሙያ ይስጡት።

ቫርኒሽ አይቀቡ። ከላይ የሚቀመጥ ቆዳ ነው፤ ያብለጨልጫል፣ ኋላም ይላጣል። የዚያ ዘመን ሰደፎች በአብዛኛው በተልባ ዘይት የሚታሹ ነበሩ። እንጨቱ ደርቆ ከታየዎት ጥቂት የተቀቀለ የተልባ ዘይት በጨርቅ በጣም አሳስተው ያሹት፤ የተረፈውን ሁሉ መልሰው ይጥረጉ። ጥሬው የተልባ ዘይት ለመድረቅ ሳምንታት ስለሚፈጅ የተቀቀለውን ይምረጡ።

እዚህ ላይ አጥብቄ ማስጠንቀቅ አለብኝ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል። ተጨማድዶ ወይም ተከምሮ ከተቀመጠ ማንም ክብሪት ሳይጭር በራሱ ሊነድ ይችላል። በዚህ ምክንያት ቤት ተቃጥሏል። ጨርቁን ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውኃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ያስገቡት።

አሁን መተኮሱ። ፍላጎትዎ ይገባኛል። የአያትን ጠመንጃ ድምፅ መስማት የሚፈልገው እርስዎ ብቻ አይደሉም። ግን አይሆንም።

ውጅግራ የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ጭስ አልባው ባሩድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ፖል ቪዬይ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1884 ሲሆን፣ የሌቤል ጠመንጃ በ1886 ይዞት ወጣ። አዲሱ ባሩድ በጣም ከፍ ያለ ግፊት ይፈጥራል። የውጅግራ መቀባበያ ያን ለመሸከም አልታሰበም። በኋላ የመጡት ጠመንጃዎች መቀባበያቸው ፊት ላይ ሁለት መቆለፊያ ጥርሶች አሏቸው። ውጅግራ ያ የለውም። የተኩሱን ግፊት የሚይዘው የእጀታው ሥር ከቤቱ ትከሻ ጋር የሚገናኝበት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ያ ቦታ ከተሰነጠቀ መቀባበያው የሚሄድበት አቅጣጫ የተኳሹ ፊት ነው።

«ጥቁር ባሩድ ብቻ ብጠቀምስ» ይሉኝ ይሆናል። ብረቱ ከውስጥ ምን እንደሆነ በዓይን አይታይም። ከዚህ በጣም ዘመናዊ የሆነውን የአሜሪካውን ስፕሪንግፊልድ 1903 ይውሰዱ። የመጀመሪያዎቹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጠመንጃዎች ሲቀጠቀጡ የብረቱን ሙቀት ሠራተኞች በዓይናቸው በቀለሙ ይገምቱ ነበር። ከመጠን በላይ የጋለው ብረት ተሰባሪ ሆነ፤ አንዳንዶቹ በተኩስ ላይ ፈነዱ። ከውጭ ሲታዩ ግን ፍጹም ጤነኛ ነበሩ። በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ከተሠሩት ቁጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑትን ዛሬም እንዳይተኮስባቸው የሚመከረው ለዚህ ነው። የእርስዎ ጠመንጃ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ የተሠራ፣ ለአሥርት ዓመታት የዛገ፣ ጥይት የሚቀመጥበት ክፍል ምን ያህል እንደተበላ ያልታወቀ ነው። ባለሙያ ከርቀት በገመድ ስቦ አንዴ ቢተኩስበትና ቢያልፍ እንኳ የሚቀጥለውን ጥይት ዋስትና አይሰጥም። ስንጥቅ የሚያድገው በየተኩሱ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ቀዩን ዝገት ያንሱ፣ እንጨቱን ያጽዱ፣ ስንጥቁን ያስይዙ፣ ከዚያ እጅዎን ያንሱ። አያጥቁሩ፣ ቫርኒሽ አይቀቡ፣ አይተኩሱ። የጎደለ ክፍል ቢኖር እንኳ ከሌላ ጠመንጃ አውጥተው አይተኩ። የእጅ ሥራ ፍቅርዎን ማርካት ከፈለጉ እንደ አሮጌ መጥረቢያ ወይም መዶሻ ያለ፣ ዋጋ የሌለው ዝገታም የሥራ ዕቃ ይፈልጉና በእሱ ላይ እንደልብዎ ይለማመዱ።

የነሐስ ክፍሎች ካሉት አያብለጭልጯቸው፤ በተለይ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ነሐስን ሊሰነጥቅ ስለሚችል አያስጠጉት።

ካጸዱ በኋላ ብረቱን በዘይት አያጥቡት። ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ ወደ እንጨቱም ይወርዳል። ሙዚየሞች የሚመርጡት የተጣራ ሰም ነው፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚታወቀው ሰም በብሪቲሽ ሙዚየም ላቦራቶሪ የተቀመመ ነው። ስስ አድርገው ይቀቡት፣ ሲደርቅ ይወልውሉት። ከዚህ በኋላ ያለ ጓንት አይያዙት፤ የላብ ጨው የጣት አሻራዎን በዝገት ይጽፈዋል። በቆዳ ወይም በስፖንጅ ቦርሳ ውስጥ አያስቀምጡ፤ ሁለቱም እርጥበት ያቁራሉ። አፈሙዙን በጨርቅ አይድፈኑት። የክፍሉ እርጥበት ከመቶ 40 እስከ 50 አካባቢ ቢሆን ለብረቱም ለእንጨቱም ይስማማል። ቆጥና ምድር ቤት አይሆኑም፤ የውስጥ ግድግዳ ላይ ያለ የተቆለፈ ሳጥን ይሻላል።

ከአንድ ወር በኋላ ነጭ ጨርቅ ብረቱ ላይ ያሳልፉ። ብርቱካናማ ነገር ከያዘ ያ ቦታ ላይ ዝገቱ ገና አልቆመም፤ በዘይትና በስሱ ሱፍ ወደዚያ ቦታ ብቻ ይመለሱ። ጨርቁ ንጹሕ ከሆነ በዓመት ሁለቴ ማየት ይበቃል።